ጭረት ያለበት ቀንድ አውጣ

ጥቅምት 9

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ልጅዎስ ደኅና ናት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ለሁለት ደብዳቤ መልስ ሳልሰጥ መክረሜ ነውር ነው። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ከ«እንደምን ሰነበቱ» አላልፍ እያልኩ ስንት ወረቀት ቀደድኩ። ይቅር ይበሉኝ።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ ሥራ ገብቻለሁ፤ አንድ ሆቴል የመቶ ሃያ መስኮት መጋረጃ አዝዞን ከስፌት ማሽኑ ቀና አልልም። የወንድምዎን ልብስ ለማንም አልሰጠሁም። ስለ ልብሱ ደግመው ባይጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ወንድምዎ ከሥራ መልስ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሲዞር የሚያመሽበት ነገር ምን እንደነበር ግን እንዳስረዳዎት ስለፈለጉ ይኸው።

ሰዎች ትንሽ ሳጥን፣ ብዙ ጊዜ አሮጌ የምሳ ዕቃ፣ ሰው የማያስተውለው ቦታ ይደብቃሉ። ድንጋይ ሥር፣ የግንብ ስንጥቅ ውስጥ፣ ከአግዳሚ ወንበር በታች። ከዚያ ቦታውን በካርታ ቁጥር በኢንተርኔት ያሳውቃሉ። ሌላው ቁጥሩን ስልኩ ላይ አስገብቶ ይፈልጋል። ሲያገኝ ውስጥ ያለችው ደብተር ላይ ይፈርማል፣ ከዕቃዎቹ አንዱን ወስዶ የራሱን ያስቀምጣል፣ ሳጥኑን እንደነበረ መልሶ ይሄዳል። ሽልማት የለው፣ ዳኛ የለው። እኔም መጀመሪያ ላይ ጎልማሳ ሰው እንዴት ድብብቆሽ ይጫወታል ብዬ ስቄበታለሁ።

ተራው ተጫዋች ቁልፍ መያዣ ወይ እርሳስ ጥሎ ይሄዳል። ነገሩ ሥር የሰደደበት ግን በእጁ የሠራው «መለያ» አለው። ደብተሩ ሳይገለጥ ማን መጥቶ እንደነበር በመለያው ይታወቃል። አንዲት ነርስ ከክር ጉጉት ትሠራለች። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ከመዳብ ሽቦ ዓሣ ይጠመዝዛል። የወንድምዎ ቀንድ አውጣ ነበር። ስሙም በጨዋታው «ቀንድ አውጣ» ነው፤ አረማመዱን አይቼ ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ከሚሠራበት የቤት ዕቃ ድርጅት ከሚጣለው ቁራጭ እንጨት የጉጥ ዓይን ያለበትን ይመርጣል፤ ሌላው አናጢ የሚሸሸውን። ዓይኑ የዛጎሉ መሐል ይሆናል። ከጃንጥላ ሽቦ ስሎ በሠራት መሮ ጥምዝምዙን ይፈለፍላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ሦስት ጊዜ ያሻል፣ በሰም ይወለውላል። ቫርኒሽ አያስነካውም፤ እንጨቱ ይተንፍስ ይላል። ሆዷ ላይ በጋለ ምስማር አንድ ነጥብ። አንዷ ሦስት ቀን ትፈጃለች፣ ሁለት አንድ ዓይነት አይገኝም።

አሁን ወደ አንገበገበኝ ነገር ልምጣ። ባለፈው እሑድ፣ መጋዙ ላይ ከሞተ ካምስት ወር በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከድልድዩ ሥር ያለውን ሳጥን ልጎበኝ ሄድኩ። ክዳኑን ስከፍት ቀንድ አውጣ ቁጭ ብላለች። ሳነሳት እጄ ላይ ተጣበቀች። ቫርኒሽ ተነክራ ተጠብሳ የወጣች ትመስላለች፣ ጎኗ ላይ መሮ ያመለጠው የሚመስል ጭረት አላት። ገለበጥኳት። ሆዷ ላይ የድርጅቱ ማኅተም፣ ስልክ ቁጥርና «በእጅ የተሠራ፤ ለባልደረባችን መታሰቢያ» የሚል ጽሑፍ።

ጋሼ፣ የድርጅቱ ባለቤት ቀብር እንኳ አልመጣም። ሠራተኞቹ «ቫርኒሹ» የሚሉት በከንቱ አይደለም፤ ከላይ ያብረቀርቃል፣ ሥሩን የሚያውቅ የለም። «የመጋዙን ሽፋን ራሱ ፈትቶ፣ በራሱ ቸልተኝነት ሞተ» ብሎ የፈረመ ሰው አሁን የሟቹን መለያ ይዞ በየድንጋዩ ሥር ሶፋ ያስተዋውቃል። ቤት ገብቼ እጄን በሳሙና፣ ቀጥሎ በአመድ አሸሁት። የቫርኒሹ ሽታ አሁንም ጣቴ ላይ ያለ ይመስለኛል።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ስለ ሥራው የጻፈልዎት ነገር ይኖር ይሆን? እኔን እንዳያስጨንቀኝ ብዙ ነገር ይደብቀኝ ነበር።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ባለቤት

———

ጥቅምት 21

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ በሰላም ደረሰኝ። ጡረታ የወጣ መምህር ምን ሥራ ኖሮት ዘገየ እንዳትዪኝ፤ አንዱን ስል አንዱ እየቀደመኝ ነው። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ሜዳ ላይ ደኅና ነው። ልጄም ደኅና ናት። እዚህ ካለው የዚያው ድርጅት ቅርንጫፍ መሸጫ ተራ ጸሐፊ ሆና እንደገባች ታስታውሺያለሽ፤ ከሰኔ ወዲህ ኃላፊ ሆናለች። ጠረጴዛዋ መስኮት ዳር ነው።

መናደድሽ ይገባኛል። ግን እስቲ ረጋ ብለሽ እዪው። ሰውየው ቀብር ያልመጣው አፍሮ ሊሆን ይችላል። አፍሮ የቀረ ሰው ዘግይቶም ቢሆን ሊያስታውስ ቢሞክር ምን ክፋት አለው? ማኅተሙን ማሳረፉ የነጋዴ ጠባይ ነው፤ ነጋዴ ልቅሶ ቤትም ቢገባ ዓይኑ ጣሪያውን ይገምታል። አንቺ ገና ሀዘን ላይ ነሽ፣ ሁሉ ነገር ይሸትሻል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። ይህን ነገር ትተሽ ጤናሽን ጠብቂ።

ስለ ደብዳቤው ለጠየቅሽኝ፣ ወንድሜ ለመጻፍ ሰነፍ እንደነበር ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

እዚህ ዝናቡ አልፎ አቧራው ጀምሯል። መጋረጃ የምትሰፊበት ጊዜ ሲኖርሽ የእኔን ክፍል መስኮት ልክ እልክልሻለሁ።

ወንድምሽ

———

ኅዳር 6

ለጋሼ፣

የመስኮትዎን ልክ አይላኩ፤ ሥራ በዝቶብኛል።

ረጋ በዪ ብለውኛልና ረግቼ የሠራሁትን ልንገርዎት። ሁለት እሑድና ሦስት የምሳ ሰዓት ወስጄ ወንድምዎ ይሄድባቸው የነበሩትን አሥራ አራት ሳጥኖች ዞርኩ። የእግር መንገዱን ልቤ ያውቀዋል፣ ብዙውን አብሬው ሄጃለሁና። ሠላሳ አንድ ቀንድ አውጣ ለቀምኩ። በአንዱ ሳጥን ውስጥ ስድስት! ጉጉቶቹንና ዓሣዎቹን ገፍትረው፣ ደብተሩን አጣብቀው፣ የመድኃኒት ቤት መደርደሪያ አስመስለውታል።

ደብተሮቹንም አነበብኩ። አንዱ «የሶፋ ማስታወቂያ እዚህም ደረሰ?» ብሎ ጽፏል። ይሄ አልጎዳኝም። የጎዳኝ የነርሷ ነው። መሞቱን አልሰማችም። «ቀንድ አውጣ፣ ተመለስክ እንዴ! ጠፍተህ ሰግተን ነበር። ቫርኒሹ ግን አላማረብህም» ይላል ጽሑፏ። ያችን ገጽ ሳነብ ደብተሩን በጥርሴ ብቀደው ደስ ባለኝ።

ማክሰኞ ወደ ድርጅቱ ሄድኩ። ቫርኒሹ ቢሮው ተቀብሎ አስቀመጠኝ። እጄን በሁለት እጁ ያዘኝና አልለቅ አለ፤ መዳፉ ለስላሳና እርጥብ ነው፣ ትኩስ ሊጥ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ከኋላው ግድግዳው ላይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። የልጆች አልጋ ነው፤ ራስጌው ላይ የወንድምዎ ቀንድ አውጣ ተቀርጻበታለች። «የቀንድ አውጣ ስብስብ» ይላል። ማሽኑ በሰዓት አርባ ትንንሽ እንደሚያወጣ፣ ደንበኛ እንደወደዳቸው፣ በየሳጥኑ የሚያዞር ሰው እንደመደበ በኩራት አስረዳኝ። በእጅ የተሠራ የሚለው ከየት እንደመጣ ብጠይቀው የመጀመሪያዋ በእጅ መሠራቷን ነገረኝ። እንዲያቆም ለመንኩት። አዎ፣ ለመንኩት፣ ይህንንም አልደብቅዎትም። ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ የወረቀት መሐረብ አቀብሎኝ፣

«እህቴ፣ እኔ እኮ ሕያው ነው ያደረግኩት» አለኝ።

መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ምራቄ አፌ ውስጥ ሞልቶ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ሰጋቱራው ላይ ተፋሁት።

ቤት ገብቼ ሠላሳ አንዱን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ሠላሳ አንዱም ጎናቸው ላይ ጭረት አለባቸው። አንድ ቦታ፣ አንድ ልክ። ማሽን ያየውን ነው የሚደግመው። የመጀመሪያዋ ላይ የነበረውን ስህተት ሳይቀር ገልብጦታል። ያን ጭረት አውቀዋለሁ። አምና የተሠራ ነው፤ መሮው አምልጦት አውራ ጣቱን ቆርጦ፣ ደሙን እየጠባ፣ ሌላ ልሥራ ብሎ ካሰበ በኋላ ተወው። «ለወንድሜ ናት፣ እሱ ጉድለቴን አይቆጥርብኝም» አለ። በፖስታ የላክሁትም እኔ ነኝ።

ጋሼ፣ መጽሐፍ መደርደሪያዎ ላይ ሄደው ይዩልኝና ይጻፉልኝ። አለች ወይስ የለችም?

የወንድምዎ ባለቤት

———

ኅዳር 15

እህቴ፣

የለችም።

በሰኔ መጀመሪያ ሰውየው ራሱ ደወለልኝ። ድምፁ ትሑት ነበር። የሟቹን እጅ ሥራ አንድ ለቢሮው መታሰቢያ ለጊዜው ቢያገኝ፣ እንደሚመልስ ነገረኝ። በልጄ በኩል ላክሁለት። አልመለሰም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እንዲህ እንደሚያደርጋት በምን አውቃለሁ? አንቺም ብትሆኚ በትህትና የለመነሽን ሰው አትመልሺም ነበር።

የልጄን እድገት ከዚህ ጋር እንዳታያይዢው። ጎበዝ ስለሆነች ነው። ይህን በፊት ያልነገርኩሽ እንዳትቀየሚኝ ብዬ ነው። በድያለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሌላ የደበቅሁሽ ነገር የለም።

ወንድምሽ

———

ኅዳር 24

ሰላምታ አልጽፍም። ሰላም የለኝም።

ትናንት ከምሳ በኋላ ድርጅቱ ውስጥ መላጊያ ላይ የሚሠራው ሰውዬ ከሱቃችን በር ላይ ጠበቀኝ። ከወንድምህ ጎን ዘጠኝ ዓመት የቆመ ሰው ነው። አዎ፣ «ወንድምህ» አልኩ። እስከዛሬ እርስዎ ስል የኖርኩት ለማን እንደሆነ ከትናንት ወዲህ ጠፋኝ።

ሰውየው ዓይኔን ማየት አልቻለም። የሥራ ደኅንነት ቢሮ ሲጠይቃቸው ሁሉም «አላየንም» እንዳሉ ነገረኝ። የሚያኖረው ቤተሰብ አለው፤ አልፈርድበትም። ከዚያ ግን፣ ሟቹ የመጋዙን ነገር ከነዝርዝሩ ለወንድሙ ጽፎ እንደነበር፣ ፖስታውንም የጣለለት እሱ ራሱ እንደሆነ ነገረኝ። በሚያዝያ ሃያ። ቀኑን የሚያስታውሰው የደመወዙ ማግስት ስለሆነ ነው።

ወንድምህ ለመጻፍ ሰነፍ ነበር፣ አልከኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አንተ ሞኝ አይደለህም፣ ለምን ያዝከው?

የሥራ ደኅንነት ቢሮው ሄጃለሁ። የምትሰማኝ መርማሪ ሴት ናት፣ ጠረጴዛዋ ላይ እስከ አገጯ ድረስ መዝገብ ተቆልሏል። ያለ ምስክር፣ ያለ ወረቀት መዝገቡን መልሳ መክፈት እንደማትችል ነግራኛለች። ወረቀት ካለ ግን ትከፍታለች። እስከዚያው ባሌ በሰነድ ላይ ቸልተኛ ሆኖ ይኖራል። ሦስት ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት የሚያሽ ሰው፣ ቸልተኛ!

ዝም አይነቅዝም ብለህ መክረኸኝ ነበር። እውነት ነው፣ አይነቅዝም። ያገማል ግን። እዚህ ድረስ ይሸተኛል። ደብዳቤዎችህን ከእሱ ዕቃ ጋር ነበር የማስቀምጣቸው፤ ዛሬ አውጥቼ በፌስታል አድርጌ በረንዳ ላይ አስቀመጥኳቸው። ቤት ውስጥ አብሬያቸው መቀመጥ ቀፈፈኝ።

ደብዳቤውን ላክ። ካልላክህ አትጻፍልኝ።

———

ታኅሣሥ 8

እህቴ፣

ደብዳቤው ከዚህ ጋር አለ። አራት ገጽ ነው፣ ከነፖስታው። በአደራ ደብዳቤ አስመዝግቤ ልኬዋለሁ፤ ቅጂ አስቀርቻለሁ።

ቀድመሽ ታነቢው እንደሆነ አላውቅም፤ ተቀምጠሽ አንብቢው። ሽፋኑን ያስፈታው ሰውየው ነው። ሥራ ያዘገያል ብሎ። ወንድሜ ሦስት ጊዜ ነግሮታል። ሦስተኛው ላይ የተመለሰለትን በሁለተኛው ገጽ ላይ ታገኚዋለሽ፤ እኔ ልጻፈው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ የት ሄዶ ማመልከት እንዳለበት እኔን ይጠይቀኛል። «አንተ የተማርክ ነህ፣ ምራኝ» ይላል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ፤ ለምን ያዝከው ላልሽው። በወቅቱ መልስ ጽፌለት ነበር። ታገሥ፣ አለቃህን አታስቀይም፣ የልጄም ሥራ ከዚያው ቤት ነው፣ አልኩት። ይህ ነው የተማረ ሰው ምሪት። ደርሶት አንብቦት እንደሆነ አላውቅም። ካልነገረሽ አንብቦታል ማለት ነው፤ ገመናዬን ሸፍኖ ሄደ። ከሞተ በኋላ ደብዳቤውን መዝገበ ቃላት ውስጥ ከትቼ መደርደሪያው አናት ላይ አወጣሁት። ልጄ ኃላፊ ስትሆን የደስ ደስ ብዬ ጎረቤት ጠራሁ። አርባ ዓመት ሕፃናትን «እውነት ተናገሩ» እያልኩ ጠመኔ የጨረስኩ ሰው ነኝ።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ የደረሰው እኔ ቤት በሌለሁበት ነው። ልጄ ነች የተቀበለችው፣ ፖስታው ተላቆ ነበርና አነበበችው። ስመለስ ወንበር ላይ ቆማ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እያራገፈች ደረስኩ። አገኘችው። እዚያው ወንበሩ ላይ እንደቆመች አራቱንም ገጽ ጨረሰች። ስትወርድ ያየችኝ አስተያየት፣ ሰው ከጎረሰው ውስጥ ፀጉር ሲያወጣ የሚያየው ዓይነት ነው። ከዚያ፣

«አባዬ፣ እኔን ምክንያት አድርገህ ነው?» አለችኝ።

በማግስቱ የመሸጫውን ቁልፍ አስረክባ መጣች። ከዚያን ቀን ወዲህ ምግቤን ታቀርብልኛለች፣ አብራኝ ግን አትበላም።

መርማሪዋ ብትጠራኝ እመጣለሁ። ባትጠራኝም እመጣለሁ። ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ቃሉን ባለፈው ደብዳቤ ላይ አበላሽቼዋለሁ።

———

የካቲት 3

ለጋሼ፣

እንደምን ገቡ? መንገዱ ጉልበትዎን አላሳመመዎትም?

«እርስዎ» ማለት የጀመርኩት ይቅር ስላልኩ እንዳይመስልዎት። መርማሪዋ ጉዳዩን በሰማችበት አዳራሽ ቆመው አራቱን ገጽ በመማሪያ ክፍል ድምፅዎ፣ ከኋላ ወንበር ድረስ በሚሰማው፣ አነበቡ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱም አልዘለሉትም። «የፈራ መጋረጃ ይስፋ አለኝ» የሚለውን ሲያነቡ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቤት ብቻዬን ሳነበው ነው ያመመኝ፤ እዚያ አላመመኝም። ቫርኒሹ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ደበዘዘ። መርማሪዋ ይህን ሁሉ ወር ለምን ሸሸጉት ስትልዎ የመለሱላትንም ሰምቻለሁ። «ፈሪ ስለሆንኩ» አሉ፣ ሌላ ምክንያት ሳይደርቡ። ለዚያ ነው እርስዎ ያልኩት።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ ስለሆነው ስለጠየቁኝ ከመጀመሪያው ልንገርዎት። ባለመላጊያው በማግስቱ በራሱ ፈቃድ ቢሮው ሄዶ ያየውን ተናገረ፣ ሁለት ሌሎች ተከተሉት። ውሳኔው ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። «በራሱ ቸልተኝነት» የሚለው ተሰርዞ «በአሠሪው ትእዛዝ የደኅንነት ሽፋን በመነሳቱ» ተብሎ ተጽፏል። አራቱም መጋዞች ሽፋናቸው እስኪመለስ ታሸጉ። የሰውየው ጉዳይ ለፍርድ ቤት ተላልፏል፤ ምን እንደሚፈረድበት አላውቅም፣ ጠበቃውም እንደሱው ያብረቀርቃል። እኔ ያችን መስመር አሥር ጊዜ አነበብኳት። ከዚያ ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ሌላም አለ። ነርሷ መሞቱን ጋዜጣ ላይ አንብባ ቤቴን አፈላልጋ መጣች፤ ስትፈልግ የማታጣ ሴት ናት። ደብተሩ ላይ በጻፈችው አፍራ አለቀሰች፣ እኔ አጽናናኋት። በማሽን የሚወጡትን ቀንድ አውጣዎች ነገር ነገርኳት። እሷ ለቧንቧ ሠራተኛው፣ እሱ ለሌሎች። ቅዳሜ ጠዋት ሠላሳ የሚሆኑ የማላውቃቸው ሰዎች እያንዳንዳቸው ከሳጥኖቹ የለቀሙትን ይዘው እዚህ ባለው የድርጅቱ መሸጫ በር ላይ ተሰበሰቡ። ማንም አልጮኸም። አንድ በአንድ ገቡ፣ መሐል ለትርኢት የተነጠፈው የልጆች አልጋ ላይ ቀንድ አውጣቸውን አስቀመጡ፣ ወጡ። እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ፤ የኔን ሠላሳ አንድ በፌስታል ይዤ ነበርና ዘረገፍኩት። አልጋው በዚያ በሚያጣብቅ ነገር ተሞልቶ ትል የወረረው ሬሳ መሰለ። ቫርኒሹ ከቢሮው ወጥቶ አየን፣ አንድ ነገር ይላል ብለን ጠበቅን። «እባካችሁ፣ አልጋው ይጫራል» አለ። ባለዓሣው ሳቁን መያዝ አልቻለም። እኔ አልሳቅኩም። እንደዚያ ያለ ሰው ፊት መቆም በራሱ ያቆሽሻል፤ በቶሎ ወጣሁ።

ሰኞ መለያ መሥራት ጀመርኩ፣ የራሴን። የሱን መሮ አልነካሁም፤ የሱ እጅ የሱ ነው። የኔ ከመጋረጃ ቁራጭ ነው። የአውራ ጣት ቁመት ያላት መጋረጃ፣ በጥርስ መፋቂያ ዘንግ ላይ የተንጠለጠለች፣ ክሯ ሲሳብ የምትከፈት። ጠርዟን በእጅ ነው የምሰፋው፣ ሃያ ስድስት ስፌት ይገባዋል። የመጀመሪያዋ ጠማማ ሆነች፣ ሁለተኛዋ አልከፈት አለች። አምስተኛዋን ከድልድዩ ሥር አስቀመጥኳት። ደብተሩ ላይ ስም ሲያስፈልገኝ ብዙ አላሰብኩም፤ «የፈራች» ብዬ ፈረምኩ።

ልጅዎ እዚህ መሆኗን ከኔ እንዲሰሙ ስለፈለገች እነግርዎታለሁ። ባለፈው ሐሙስ በአንድ ሻንጣ መጣች። ከኔ ጋር መጋረጃ ትሰፋለች፣ ልኬት አያያዟ ጥሩ ነው፣ ስፌቷ ገና ይዘላል። ስለ እርስዎ አታወራም፤ ግን ትናንት አባቷ የጉልበት ኪኒን መውሰድ እንዳይረሳ ጻፊለት አለችኝ። ጻፍኩ።

ብመጣ በር ትከፍቺልኛለሽ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አዳራሹ ውስጥ የዘረጉትን እጅ ሳልጨብጥ ያለፍኩት ሰው ፊት ላዋርድዎት አልነበረም። እጅዎ ሲጠጋኝ ሆዴ ተገለበጠ፤ በጉልበት የማመጣው ነገር አይደለም። አሁንም አልፎ አልፎ ይገለበጥብኛል፣ በተለይ ጽሑፍዎን ፖስታው ላይ ሳየው። ቢሆንም ይምጡ። ልጅዎን ያያሉ። በሩን እኔ ነኝ የምከፍተው። ሆዴ እምቢ ካለኝ ግቢ ወጥቼ አየር ወስጄ እመለሳለሁ፤ እርስዎ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል።

የወንድምዎ ባለቤት